አድናቂና ባለቤት
(በፊልም ክበባችን ስብሰባ ላይ «ሚዘሪ» ስለተባለው ፊልም የተደረገ ንግግር)




ባለፈው ዓርብ ማታ በዚሁ አዳራሽ ተሰብስበን «ሚዘሪ» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም አይተናል። በማግሥቱ ቁርስ ላይ በየጠረጴዛው የተነሣውን ክርክር የሰማ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ ተመልካቹ በሁለት ወገን ተከፍሎ ነበር። አንደኛው ወገን «ሴትዮዋ እብድ ናት፤ የእብድ ታሪክ ለጤነኛ ሰው ትምህርት አይሆንም፤ ደንግጠን ተመለስን፣ አለቀ» አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «እብድስ ትሁን፤ ነገር ግን እርሷ የምትናገረውን እኛም ስንናገረው ሰምተናል» ሲል መለሰ። እኛ የክበቡ ኮሚቴ አባሎች ከሁለተኛው ወገን ነን። ዛሬ በፊታችሁ የቆምነውም ምክንያታችንን ለመግለጽና፣ በመጨረሻም የራሳችንን አንድ ጥፋት ለመናዘዝ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ፊልሙን ላላያችሁ ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ።

ፖል ሼልደን የሚባል ስመ ጥር ደራሲ አለ። ስሙን ያስጠሩት ሚዘሪ ቻስቴይን በምትባል ሴት ዙሪያ የጻፋቸው ተከታታይ የፍቅር ልቦለዶች ናቸው። «ሚዘሪ» ማለት በእንግሊዝኛ ሰቆቃ ማለት መሆኑን ልብ ይሏል። መጻሕፍቱ እንጀራ ሰጥተውታል፤ ልጁንም አሳድገውለታል፤ እርሱን ግን ሰልችተውታል። ስለዚህ በመጨረሻው መጽሐፍ ሴትዮዋን በወሊድ ላይ ገድሎ ተገላገላት። ከዚያም በኮሎራዶ ተራሮች መካከል በሚገኝ የእንግዳ ማረፊያ ተቀምጦ፣ ለራሱ ደስ ያለውን ሌላ ልቦለድ ጽፎ ጨረሰ። ረቂቁን ይዞ ሲመለስ የበረዶ ዐውሎ ነፋስ ያዘው፤ መኪናው ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች፤ ሁለት እግሮቹም ተሰበሩ። ከበረዶው ውስጥ አውጥታ ያዳነችው አኒ ዊልክስ የምትባል፣ በገጠር ብቻዋን የምትኖር የቀድሞ ነርስ ናት። ከአድናቂዎቹ ሁሉ አንደኛዋ እርሷ እንደ ሆነች ትነግረዋለች። እግሩን ጠግና፣ መድኃኒት ሰጥታ፣ በማንኪያ አጉርሳ ከሞት መለሰችው።

ከዚህ በኋላ አዲሱ የሚዘሪ መጽሐፍ ታትሞ ወጣ። አኒም ገዝታ አነበበችው፤ የምትወዳት ሴት መሞቷንም ዐወቀች። ያን ሌሊት ያስታማሚዋ ፊት ተለወጠ። ፖል ለራሱ የጻፈውን ረቂቅ በገዛ እጁ እንዲያቃጥለው አስገደደችው። ቀጥላም ባለ ጐማ ወንበርና የእንግሊዝኛው «ኤን» ፊደል የጎደለው አሮጌ የጽሕፈት መኪና አምጥታ፣ ሚዘሪን ከሞት የሚያስነሣ አዲስ መጽሐፍ እንዲጽፍ አዘዘችው። በሩ ተቈልፏል፤ በቤቱ ውስጥ ያለው ስልክም ሆድ ዕቃው የወጣ ባዶ ቀፎ ነው። የቀረውን ዐርብ ማታ አይታችሁታል።

ፊልሙ የተሠራው እስቲቨን ኪንግ በ1987 ካሳተመው ልቦለድ ነው። የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀው ዊልያም ጎልድማን፣ ዲሬክተሩ ሮብ ሬይነር ነበሩ፤ ለሕዝብ የቀረበውም በኅዳር ወር መጨረሻ 1990 ነው። ደራሲውን ሆኖ የተጫወተው ጄምስ ካን፣ አኒን ሆና የተጫወተችው ካቲ ቤትስ ናት። ካቲ ቤትስ እስከዚያ ድረስ ይበልጥ የምትታወቀው በትያትር መድረክ ላይ ነበር፤ በዚህ ሥራዋ ግን በ1991 የዓመቱ ምርጥ ተዋናይት ተብላ ኦስካር ተሸለመች። ሽልማቱ እንደሚገባት የምንመሰክረው ስለ ጮኸችባቸው ትርኢቶች አይደለም፤ በቀስታ ስለ ተናገረችባቸው ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ።

በመጀመሪያ ልናስተውለው የሚገባው ነገር፣ በዚህ ፊልም ውስጥ ርኅራኄና ግፍ የሚፈጸሙት በአንድ እጅ መሆኑን ነው። መድኃኒቱን የምትሰጠው እጅ መድኃኒቱን የምትከለክለው ናት። ብርድ እንዳይገባበት በሩን የሚዘጋው ሰው፣ እንዳይወጣ በሩን የሚቈልፈው ሰው ነው። ፖል መጀመሪያ ላይ ያመሰግናታል፤ ምስጋናውም የእውነት ነው። እስረኛ መሆኑን የሚያውቀው በአንድ ቀን አይደለም፤ ዛሬ አንድ ሰበብ፣ ነገ ሌላ ሰበብ ሲደራረብበት ነው። እኛም ተመልካቾቹ «እንግዲህ ወዳጅነቱ የቱ ላይ አበቃ?» ብለን ብንጠየቅ፣ ቦታውን በጣት ለማሳየት እንቸገራለን። የፊልሙ አስፈሪነት ከመዶሻው ይልቅ በዚህ ላይ ነው።

ስለ መዶሻው ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። በልቦለዱ ውስጥ አኒ የደራሲውን እግር በመጥረቢያ ትቈርጠዋለች። በፊልሙ ግን በእግሮቹ መካከል እንጨት አስገብታ ቁርጭምጭሚቱን በትልቅ መዶሻ ትሰብረዋለች። ጎልድማን መጀመሪያ መጥረቢያው እንዲቀር አጥብቆ ይፈልግ ነበር፤ በኋላ ግን ዲሬክተሩ ትክክል እንደ ነበረ ራሱ ጽፏል። እግሩ ተቈርጦ ቢሆን ኖሮ ተመልካቹ ሴትዮዋን ይጠላትና ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር። አሁን ግን ከመታችው በኋላ ጐንበስ ብላ ስትመለከተው፣ በዐይኖቿ ውስጥ ያለው ፍቅር ነው። ይህን ያየ ተመልካች መጥላት ብቻ አይበቃውም፤ ማሰብም ግድ ይሆንበታል።

ሁለተኛው ነጥባችን ብዙዎችን ያስገርም ይሆናል። ይኸውም፣ አኒ ዊልክስ ጥሩ አንባቢ ናት የሚል ነው።

ፖል ተገዶ የአዲሱን መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ በጻፈ ጊዜ፣ ሚዘሪን በቀላል ዘዴ ከመቃብር አውጥቶ ሰጣት። አኒ አንብባ ተቈጣች። በልጅነቷ በየሳምንቱ እየተቈራረጠ የሚታይ ተከታታይ ፊልም እንደ ነበረ ትተርካለች። አንድ ሳምንት ጀግናው በመኪና ውስጥ እንዳለ መኪናው ገደል ገባ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን መኪናው ገደል ሳይገባ ጀግናው ዘልሎ እንደ ወረደ ሆኖ ታየ። በሲኒማ ቤቱ የነበሩት ልጆች ሁሉ ደስ አላቸው፤ እርሷ ግን ተነሥታ ጮኸች፤ ከመኪናው አልወረደም ነበርና። ወዳጆቻችን ሆይ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ዐይነት ሂስ ይፈለጋል? ደራሲ የራሱን ቃል ማጠፍ የለበትም ማለቷ ነው። ፖልም ልክ መሆኗን ያውቃል፤ ምዕራፉን እንደ ገና ይጽፈዋል፤ የተሻለም ይሆናል።

እንግዲህ ጥፋቷ መጽሐፍ መውደዷ አይደለም። ጥፋቷ መተቸቷም አይደለም። ጥፋቷ፣ የወደደችው ነገር የእርሷ ሀብት እንደ ሆነ ማመኗ ነው። አንባቢ መጽሐፉን ሊገዛ ይችላል፤ የጻፈውን ሰው ግን አልገዛውም። ደግሞም አኒ የምትወደው ፖል በአልጋው ላይ የተኛውን፣ የሚያመውንና የሚፈራውን ፖል አይደለም። የምትወደው በቤቷ ውስጥ በፎቶግራፍ ያስቀመጠችውን ነው። ሥጋ ለባሹ ፖል የስድብ ቃል ያለበት ረቂቅ ሲጽፍ፣ ፎቶግራፉን ስላልመሰለ ተቀጣ። ሰውን ከሥዕሉ ጋር አመሳክሮ፣ ሰውዬው ሥዕሉን ካልመሰለ ሰውዬውን ማረም፤ ልክፍት የምንለው ይህ ነው።

አድናቂን እንግሊዞች «ፋን» ይሉታል። ይህ ቃል «ፋናቲክ» ከሚለው ያጠረ ነው፤ ምንጩም የላቲን ቃል ሲሆን ነገሩ ከቤተ ጣዖት ጋር የተያያዘ ነው። በጥንት ዘመን ቃሉ በቤተ ጣዖት ውስጥ መንፈስ የያዘውን ሰው ያመለክት ነበር። በቃሉ ውስጥ የተደበቀው ይህ አሮጌ ትርጉም በአኒ ቤት ውስጥ ተነሥቶ ይታያል።

ፊልሙ ከአኒ ጐን ሌላ አንባቢ አቁሞልናል፤ ብዙዎቻችሁም ሳታስተውሉት አልፋችሁ ይሆናል። እርሱም የጠፋውን ደራሲ የሚፈልገው ሽማግሌው የፖሊስ ሹም ነው። ሹሙ የፖልን መጻሕፍት ገዝቶ አንድ በአንድ ያነባል። የሚያነበውም ሰውዬውን ለማግኘት ነው። በአንዱ መጽሐፍ ውስጥ ያገኘው አንድ ዐረፍተ ነገር አኒ ከዓመታት በፊት በፍርድ ቤት ከተናገረችው ቃል ጋር አንድ ሆኖ ያገኘዋል፤ በዚሁ ፍንጭ ወደ ቤቷ ይደርሳል፤ በዚያም በጥይት ይገደላል። ሁለቱም አንድ ዐይነት መጽሐፍ አነበቡ። አንደኛዋ መጽሐፉን ሰውን ለማሰር ተጠቀመችበት፤ ሁለተኛው ሰውን ለማስፈታት። እንግዲህ «መጽሐፍ ማንበብ ሰውን ያሳብደዋል» የሚል ሰው ቢኖር፣ ፊልሙ ራሱ መልሱን ሰጥቶታል።

ፊልሙን አመሰገንን ማለት እንከን የለበትም ማለታችን አይደለም። ፖል ከክፍሉ ሾልኮ ወጥቶ የጋዜጣ ቍራጮች የተለጠፉበትን መዝገብ ሲገልጥ፣ አኒ በሆስፒታል ሳለች ሕፃናት በእጇ መሞታቸውን ያነባል። እዚህ ላይ ፊልሙ በራሱ ሐሳብ ላይ የዞረ መስሎ ይሰማናል። እስከዚያ ድረስ አኒ ከእኛ የራቀች አልነበረችም፤ ብቸኛ፣ ቂመኛ፣ መጽሐፍ ወዳድ ሴት ነበረች። የሕፃናት ገዳይ ስትሆን ግን ተመልካቹ እፎይ ብሎ «እንዲህማ እኔ አይደለሁም» ይላል። የመጀመሪያው ወገን በቁርስ ላይ የተናገረው ቃል ከዚህ መዝገብ የተገኘ ነው ብለን እናምናለን። ደግሞም የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ሁሉ እንደ አኒ ገዳዮች አድርጎ ማሰብ ትልቅ በደል መሆኑን ሳንናገር አናልፍም።

ሆኖም ነገሩ የፊልም ፈጠራ ብቻ እንዳልሆነ ታሪክ ይመሰክራል። አርተር ኮናን ዶይል በ1893 ሸርሎክ ሆምስን በገደለው ጊዜ፣ አንባቢዎች ለደራሲውና ለመጽሔቱ የቍጣ ደብዳቤ አጐረፉ፤ ብዙዎችም ደንበኝነታቸውን ሰረዙ። ደራሲው ዓመታት ቈይቶ በ1903 ሆምስን ከሞት አስነሣው። ይህ በደብዳቤ ያለቀ ነገር ነበር። በታኅሣሥ 1980 ግን ሙዚቀኛው ጆን ሌነን በኒው ዮርክ ተገደለ፤ ገዳዩ በዚያው ቀን ቀደም ብሎ በሸክላው ላይ ያስፈረመው አድናቂ ነበር። በ1989 በካሊፎርንያ ርብቃ ሼፈር የተባለች ወጣት ተዋናይት በደጃፏ ላይ በአንድ አድናቂዋ እጅ ሞተች፤ ይህም ያ ግዛት ሰውን እየተከታተሉ ማስጨነቅን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ በ1990 እንዲያወጣ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። በሚያዝያ 1993 ደግሞ በጀርመን አገር በሃምቡርግ ከተማ፣ የቴኒስ ተጫዋቿ ሞኒካ ሴሌሽ በውድድር መካከል ተቀምጣ ሳለች በጩቤ ተወጋች። የወጋት ሰው የሽቴፊ ግራፍ ደጋፊ ነበር፤ ሌላዋን የወጋው የራሱዋ አንደኛ እንድትሆንለት ነው። ግራፍ ግን እንዲህ ያለ ውለታ ከማንም አልለመነችም።

እስቲቨን ኪንግ ራሱ ነገሩን በሁለት መንገድ ያውቀው ነበር። በአንድ በኩል፣ ከአስፈሪ ታሪክ ወጥቶ ሌላ ዐይነት መጽሐፍ በጻፈ ጊዜ ከአንባቢዎቹ ቅሬታ ደርሶበታል። በሌላ በኩል፣ አኒ ዊልክስ የእርሱ የኮኬይን ሱስ ምሳሌ እንደ ነበረች ከዓመታት በኋላ ተናግሯል። በዚህ አስተያየት ልክፍት ከውጭ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ከውስጥም ሰውን አልጋ ላይ ያስራል።

የፊልሙና የልቦለዱ መጨረሻ የተለያየ መሆኑም ሊታሰብበት ይገባል። በሁለቱም ፖል ሥራውን ሲጨርስ በአኒ ፊት ወረቀቱን በእሳት ይለኩሰዋል። በልቦለዱ ግን የተቃጠለው ማታለያ ነው፤ እውነተኛውን ጽሑፍ ደብቆ አትርፎ በኋላ ያሳትመዋል። በግድ የተጻፈውም መጽሐፍ ጥሩ ሆኖ ይገኛል። በፊልሙ ውስጥ ግን የተቃጠለው እውነተኛው ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጽፈው መጽሐፍ ለራሱ የጻፈው ነው። የትኛው ይሻላል ለሚለው እኛ በኮሚቴ ውስጥ እንኳ አልተስማማንም። ከፊላችን ልቦለዱ የበለጠ ደፋር ነው ይላል፤ ከግፍ ውስጥም ጥሩ ሥራ ሊወጣ እንደሚችል ስላልሸሸገ። ከፊላችን ደግሞ ጥሩ ሥራ ወጣ ተብሎ ግፉ እንዳይረሳ ይፈራል።

በዚህ ረገድ «የኮሜዲ ንጉሥ» የተባለው የማርቲን እስኮርሲዚ ፊልም መታየት አለበት። ይህ ፊልም በ1983 በአሜሪካ ሲታይ ገበያ አላገኘም ነበር። ሮበርት ደ ኒሮ የሚጫወተው ሰው፣ የሚያደንቀውን የቴሌቪዥን ቀልደኛ ጠልፎ አስሮ፣ በእርሱ ፈንታ በቴሌቪዥን ለመታየት ይደራደራል። አኒ ጀግናዋን ለራሷ ማስቀረት ትፈልጋለች፤ ይኸኛው ጀግናውን መሆን ይፈልጋል። ክበባችን በሚቀጥለው ወር ሊያሳየው አስቧል።

አሁን «ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ነው» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ቤታችን እንመለስ።

ባለፈው ዓመት በዚህ ጋዜጣ ላይ በየዕትሙ የሚወጣ ተከታታይ ልቦለድ እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ። ጸሐፊው ከመካከላችን አንዱ ነው፤ ስሙን አንጠራም፤ የምንናገረውንም አስቀድመን አሳይተነው ፈቅዶልናል። ታሪኩ ከገጠር መጥታ ከተማ ውስጥ ስለምትማር ልጅ ነበር። ሁላችን ወደድናት። ጋዜጣው በወጣ ቀን ምሳ ላይ ከእርሷ በቀር ሌላ ወሬ አልነበረም። በዘጠነኛው ክፍል ግን ልጅቷ እናቷ ስለ ታመመች ትምህርቷን ትታ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ታሪኩም በዚያ አበቃ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። በምግብ ሰልፍ ላይ «አንተ ጨካኝ» እያልን አስቆምነው። ቀጥሎ በመኝታ ክፍሉ በር ሥር ወረቀት እያስገባን እንዲመልሳት ጠየቅነው። ሌሊት በሩን የሚያንኳኳ ተነሣ። አንድ ሰው ሌላ መጨረሻ ጽፎ በእርሱ ስም በቤተ መጻሕፍት በር ላይ ለጠፈው። በመጨረሻም ልጅቷ እንድትመለስ የሚጠይቅ ደብዳቤ ተዘጋጅቶ ሠላሳ ያህል ሰዎች ፈረሙበት። ከፈረሙትም ውስጥ እኛ፣ ዛሬ ስለ አኒ ዊልክስ የምንሰብካችሁ የኮሚቴው አባሎች፣ አለንበት።

እርሱም ዐሥረኛውን ክፍል ጻፈ። እናቲቱ ዳነች፤ ልጅቷ በአንድ ገጽ ውስጥ ተመልሳ ክፍል ገባች። እኛስ ምን አልን? «ተዳክሟል፤ እንደ ቀድሞው አይደለም» አልን። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም።

ዓርብ ማታ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ከኮሚቴው ሦስታችን ወደ ክፍሉ ሄድን። ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር፤ አጀማመሩ ግን ጠፋብን። ሻይ አፈላልን። በኋላ እርሱ ራሱ ነገሩን አነሣው። ልጅቷ እኅቱ እንደ ነበረች ነገረን። ትምህርቷን ትታ ወደ ቤት የተመለሰችውም እውነት ነው፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰችም። «ዐሥረኛውን ክፍል ስጽፍ ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር» አለን። «የሚጠላኝ ሰው ቢሆን መልስ እሰጠው ነበር። እናንተ ግን ወዳችሁልኝ ነው የመጣችሁት፤ ምን ልበላችሁ?»

ወንድሞችና እኅቶች፤ እኛ መዶሻ አላነሣንም። ነገር ግን ከመኪናው ያልወረደውን ሰው ወርዷል ብሎ እንዲጽፍ ያደረግነው እኛ ነን። አኒ እንኳ በዚህ ትበልጠናለች፤ እርሷ ውሸቱን አልተቀበለችውምና። ዛሬ በየኪሳችን ባለው ስልክ የዘፋኙንም፣ የተጫዋቹንም፣ የደራሲውንም ደጃፍ በሌሊት ማንኳኳት እንደሚቻል ስናስብ ደግሞ፣ ነገሩ ከዚህ ግቢ የሰፋ መሆኑ አይጠፋንም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፤ ጸሐፊው ስለ ፈቀደ፣ በሚቀጥለው ዕትም ታሪኩ በዘጠነኛው ክፍል ያበቃ መሆኑና ዐሥረኛው በእኛ ጫና የተጻፈ መሆኑ እንዲገለጽ፤ ደብዳቤውን የፈረምነውም ስማችንን እንድናወጣ። የኮሚቴው አባሎች ስማችንን ለአዘጋጁ ሰጥተናል። ሁለተኛ፤ ለጋዜጣው ጸሐፊዎች የሚጻፍ አስተያየት ሁሉ በአዘጋጁ በኩል፣ በግልጽ ስም እንዲሆን፤ የማንም መኝታ ክፍል በር እንዳይንኳኳ። ሦስተኛ፤ ይህ ሁሉ ሂስን ለመቀነስ ሰበብ እንዳይሆን። አንባቢ የመውደድ መብት አለው፤ አጥብቆ የመተቸት መብት አለው፤ ደስ ያላለውን መጽሐፍ ዘግቶ የመነሣት መብት አለው። እነዚህ ሦስቱ ይበቁታል። አራተኛው፣ የደራሲውን እጅ ይዞ ማስጻፍ፣ የማንም መብት አይደለም።

ጓደኛችን እንደ ገና ይጽፍ እንደ ሆነ አልጠየቅነውም። እናንተም እንዳትጠይቁት እንለምናለን።